በ«ነው» እና በ«ሆነ» መካከል

«እኩልዮሽ» የሚለው ቃላችን ለሁለት ጌቶች ያደረ ሎሌ ነው። ጧት በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ያገለግላል፤ ከሰዓት በኋላ ወደ ኬሚስትሪ ይሄዳል። ጌቶቹ የሚያዙት ሥራ ግን አንድ አይደለም። የሒሳቡ ጌታ፣ «በግራና በቀኝ የቆሙት ሁለቱ አንድ ነገር ናቸው ብለህ መስክር» ይለዋል። የኬሚስትሪው ጌታ ደግሞ፣ «በግራ የነበረው ሄዶ በቀኝ ያለው መጣ፤ በመንገድ ላይ ግን አንዲት ቅንጣት አልጠፋችም ብለህ ተናገር» ይለዋል። የመጀመሪያው ምስክርነት ነው፤ ሁለተኛው ወሬ ነው፤ የተፈጸመ ነገር ወሬ። ልዩነቱ ደብተር ላይ ሲታይ ኢምንት ይመስላል። ሰው ሕይወት ላይ ሲደርስ ግን ኢምንት አለመሆኑን ነው በዚህ ጽሑፍ ማሳየት የምፈልገው።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ማሳሰቢያ፦ ቀመሮቹን በውጭ ፊደል አሳጥሬ ሳይሆን በስማቸው እጽፋቸዋለሁ። የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች ገጹን ገልብጠው እንዳይሄዱብን ነው።

የእኩል ምልክት የተወለደው በሒሳብ ቤት ነው። ሮበርት ሬኮርድ የተባለ የዌልስ ተወላጅ ሐኪምና የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1557 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ «እኩል ነው» የሚለውን ሐረግ ደጋግሞ መጻፍ ሰለቸውና ሁለት ትይዩ መስመሮች አሰመረ። ከሁለት ትይዩ መስመሮች የበለጠ እኩል የሆነ ነገር የለም የሚል ነበር ምክንያቱ። ልብ በሉ! ምልክቱ ሲፈጠር እንቅስቃሴ የለበትም። ሁለቱ መስመሮች ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ አንዱ ወደ ሌላው አይሄድም።

ይኸው ምልክት ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ በኬሚስትሪ መጽሐፍ ውስጥ ብቅ አለ። ፈረንሳዊው አንትዋን ላቩዋዝዬ እ.ኤ.አ. በ1789 ባሳተመው የኬሚስትሪ መማሪያ ስለ ወይን መፍላት ሲጽፍ፣ በአንድ ወገን የወይን ጭማቂ፣ በሌላው ወገን ካርቦኒክ አሲድና አልኮል አድርጎ በመካከላቸው የእኩል ምልክት አስቀመጠ። በዚያ ዘመን ካርቦኒክ አሲድ ይሉት የነበረው ዛሬ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የምንለውን ጋዝ ነው። ላቩዋዝዬ ሚዛን የሚያምን ሰው ነበር፤ የገባውንም የወጣውንም ይመዝን ነበር። ሊል የፈለገው ግልጽ ነው፦ ከሥራው በፊት የነበረው ቁስ ከሥራው በኋላም በመጠኑ አለ፤ ከምንም የሚመጣ ነገር የለም፣ ወደ ምንም የሚሄድም የለም። ራሱ ላቩዋዝዬ በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1794፣ በጊሎቲን ተቀላ። ያን ቀን ቢመዘን ኖሮ፣ ከቢላው በፊትና ከቢላው በኋላ የሰውየው ክብደት ያው ነበር።

የላቩዋዝዬ ቀመር ለእኛ ሰፈር እንግዳ አይደለም። ከላፍቶ ብዙም በማይርቀው መካኒሳ፣ ከስኳር ፋብሪካ ከሚተርፈው ሞላሰስ አልኮል ሲወጣ ለብዙ ዓመታት ኖሯል። ጠላና ጠጅ በሚጠምቁት እናቶች ጋን ውስጥም የሚካሄደው ያው ሥራ ነው። ቀመሩ ይኸውና፦

1 ግሉኮስ → 2 አልኮል + 2 ካርቦን ዳይኦክሳይድ

በሚዛን ሲቀመጥ 180 ግራም ግሉኮስ 92 ግራም አልኮልና 88 ግራም ጋዝ ይሰጣል። 92 እና 88 ሲደመሩ 180፤ ሒሳቡ ቀጥ ብሎ ቆመ። ነገር ግን ስኳሩ ለሕፃን ሻይ ይገባል፤ አልኮሉ ጎረምሳ ያሰክራል፤ ጋዙ ደግሞ የተለኮሰ ክብሪት ያጠፋል። በሚዛን እኩል ናቸው? አዎ። አንድ ናቸው? በፍጹም!

ይህን ሁሉ ቁጭ ብዬ እንዳስብ የገፋችኝ በምንኖርበት የላፍቶ ግቢ አንዲት የሰርቪስ ክፍል የተከራየች የማታ ተማሪ ናት። ቀን ቀን ለሰው እንጀራ ትጋግራለች፣ ማታ ማታ 10ኛ ክፍል ትማራለች። እሑድ እሑድ በረንዳ ላይ ተቀምጠን የከበዳትን እናያለን። ስሟን አልጽፍም፤ የምጽፈውን ግን በፈቃዷ ነው የምጽፈው።

አንድ እሑድ ደብተሯን ዘርግታ፣ «ጋሼ፣ እኩል ከሆነ ለምን ወዲያ ማዶ አላሻግረውም?» አለችኝ። ደብተሩ ላይ እንዲህ ተጽፏል፦

2 ሃይድሮጅን + 1 ኦክስጅን − 2 ውሃ = 0

«ምልክቱን ቀይሮ ማሻገር ይቻላል ተብለናል እኮ። በዚህኛው ደብተር ተፈቅዶ በዚያኛው ለምን ይከለከላል?» አለች።

ጥያቄው የሰነፍ ጥያቄ አይደለም። ከሁለቱ መምህራን የሰማችውን ሁለቱንም አምና፣ ሲጋጩባት ያየች ሰው ጥያቄ ነው። መልሱንም ያገኘነው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአማርኛችን ነው።

«እስቲ የሒሳቡን ቀመር በአማርኛ አንብቢው» አልኳት።

«ሁለት ሲደመር ሦስት፣ አምስት ነው።»

«የኬሚስትሪውንስ?»

«ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ተዋህደው ውሃ...» ብላ ቆመች። «ውሃ ነው» ለማለት አፏ እምቢ አላት። «ውሃ ሆኑ» አለች።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የሒሳብ እኩልዮሽ ግሡ «ነው» ነው። የኬሚስትሪ እኩልዮሽ ግሡ «ሆነ» ነው። «ነው» ጊዜ የለውም። ሁለትና ሦስት ትናንትም አምስት ነው፣ ነገም አምስት ነው፤ ማንም ባይደምራቸውም አምስት ነው። ገልብጠን «አምስት ማለት ሁለትና ሦስት ነው» ብንልም የሚቀየመን የለም። «ሆነ» ግን በፊትና በኋላ አለው። ጤፍና ውሃ እንጀራ ሆነ ይባላል። «እንጀራው ጤፍና ውሃ ሆነ» ብትል ግን እንጀራ ገዢዎቿ ይስቁባታል። በ«ነው» ውስጥ አንድ ነገር ሁለት ስም ይዟል። በ«ሆነ» ውስጥ አንዱ ነገር ስሙንም ጠባዩንም ጥሎ ሄዷል። ምልክቱ ራሱ ይህን ዘግይቶ ተረድቷል፤ ዛሬ በኬሚስትሪ መጽሐፍ ውስጥ በብዛት የምናየው ሁለቱን የተኙ መስመሮች ሳይሆን የሚሄደውን ቀስት ነው።

እርግጥ ነው፣ በኬሚስትሪው ቀመር ሆድ ውስጥ የሒሳብ እኩልዮሽ አለ። ሀ ሃይድሮጅን እና ለ ኦክስጅን ሐ ውሃ ሆኑ እንበል። የሃይድሮጅን አቶሞች በግራና በቀኝ እኩል እንዲሆኑ 2ሀ = 2ሐ፣ የኦክስጅኖቹ እኩል እንዲሆኑ ደግሞ 2ለ = ሐ መሆን አለበት። ሁለት እኩልዮሽ፣ ሦስት የማይታወቁ፤ ስለዚህ መልሱ ስፍር ቁጥር የለውም። እኛ ከመካከሉ ትንሾቹን ሙሉ ቁጥሮች 2፣ 1 እና 2 እንመርጣለን። ይህ ጥርት ያለ ሒሳብ ነው፤ እዚህ ማሻገርም ማጣፋትም ይቻላል። የቆጠርነው ግን አቶሞቹን ነው፤ እኩል የሆነውም ቆጠራው ነው። ቁሱን ራሱን ማዶ ላሻግር ያልን ጊዜ ከቆጠራው ወጥተናል።

ሒሳቡ በውስጡ አለ ማለት ቀመሩ ሒሳብ ነው ማለት እንዳልሆነ የሚያሳይ አንድ ጨዋታ አለ። ግሉኮስ 6 ካርቦን፣ 12 ሃይድሮጅንና 6 ኦክስጅን አለው። እንግዲያው እንዲህ ብንጽፍስ?

6 ካርቦን + 6 ውሃ → 1 ግሉኮስ

ቁጠሩት፤ ይመጣጠናል። በሒሳብ ቤት የተመጣጠነ ነገር እውነት ነው፣ አለቀ። በኬሚስትሪ ቤት ግን ከሰል ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈህ ስኳር ብትጠብቅ ፀጉርህ ይሸብታል። መመጣጠን ለኬሚስትሪ ቀመር መግቢያ ፈቃድ ነው እንጂ እውነትነቱን አያረጋግጥለትም። እውነት መሆኑን የሚፈርደው ዓለም ነው።

ትንንሾቹ ቁጥሮችም እንደዚሁ ናቸው። ከፊት የሚቆመው ቁጥር ስንት ሞሌኪዩል እንዳለ ይናገራል፤ እሱን መለዋወጥ ይቻላል። ከእግር ሥር የምትጻፈው ትንሽ ቁጥር ግን የነገሩ ማንነት ናት። ሃይድሮጅንና ኦክስጅንን አንድ ላንድ አገናኝቶ፣ ለማመጣጠን ብሎ ከውሃው ኦክስጅን እግር ሥር 2 የሚጨምር ተማሪ ሒሳቡ ይመጣለታል። ውሃው ግን ከእጁ ወጥቷል፤ የጻፈው ቁስል የሚታጠብበትንና ፀጉር የሚነጣበትን ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው።

የሦስተኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪዎች፣ «እኛ እኮ ቀመሮችን እንደምራለን፣ እናጣፋለንም» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ። ጀርሜን ሔስ እ.ኤ.አ. በ1840 ባወጣው ሕግ መሠረት ቀመሮችን እንደ ሒሳብ ደምረን የሙቀቱን መጠን እናገኛለን። እስቲ እንግዲህ ድመራው የሚሰጠንንና የሚነሳንን በኖራ እንየው።

የኖራ ድንጋይ ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ እሳት ሲቃጠል፣ 100 ግራሙ 56 ግራም ያልበረደ ኖራና 44 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ያልበረደው ኖራ 56 ግራም፣ 18 ግራም ውሃ ሲጠጣ እየፈላ 74 ግራም የበረደ ኖራ ይሆናል። ይህ የበረደ ኖራ ግድግዳ ላይ ተቀብቶ ከአየር 44 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲስብ፣ ተመልሶ 100 ግራም የኖራ ድንጋይ ይሆናል፤ 18 ግራሙ ውሃም ይተናል። አሁን ሦስቱን ቀመሮች ደምሩና በሁለቱም ወገን ያለውን አጣፉ። ድንጋዩ ከድንጋዩ፣ ኖራው ከኖራው፣ ውሃው ከውሃው፣ ጋዙ ከጋዙ ጋር ይጣፋል። የሚቀረው ዜሮ እኩል ነው ዜሮ ነው! የሔስ የሙቀት ሒሳብም ተደምሮ ዜሮ ይመጣል።

ሒሳቡ እንግዲህ «ምንም አልተደረገም» እያለን ነው። ግን ግድግዳው ነጥቷል። ተራራ ላይ የነበረው ድንጋይ ቤት ላይ ሆኗል። ምድጃውን ያነደደው እንጨት አመድ ሆኗል፤ ድንጋዩን የተሸከመው ሰው ትከሻው ተልጧል። የጎንደር ግንቦች ድንጋይ ከድንጋይ የተያያዘው በዚሁ ኖራ ነው፤ ከ300 ዓመት በላይ ቆመዋል። ዜሮ እኩል ነው ዜሮ ግንብ አያቆምም። «ነው» ሲደመር የተጣፋውን፣ «ሆነ» ቆሞ ያሳየናል።

እስከዚህ የተጓዝነው በጨዋታ ነበር። ከዚህ በኋላ ያለው ጨዋታ አይደለም።

ከሰል ሲነድ ሁለት ቀመር አለው፦

1 ካርቦን + 1 ኦክስጅን → 1 ካርቦን ዳይኦክሳይድ

2 ካርቦን + 1 ኦክስጅን → 2 ካርቦን ሞኖክሳይድ

ሁለቱም የተመጣጠኑ ናቸው፤ ከላይ እንዳየነው እንደ ከሰልና ስኳሩ ቀመርም አይደሉም፤ ሁለቱም በየምድጃችን በእርግጥ ይደረጋሉ። በግራ ያሉት ስሞች ያው ከሰልና ያው አየር ናቸው። በሒሳብ አንድ ዓይነት ነገር ደምረህ ሁለት የተለያየ መልስ ካገኘህ አንዱ ስሕተት ነው። እዚህ ግን ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ አንዱ ብቻ ነው የሚገድለው። አየር ሲበዛ 12 ግራም ካርቦን 32 ግራም ኦክስጅን ያገኝና የመጀመሪያውን መንገድ ይሄዳል። አየር ሲያንስ 16 ግራም ብቻ ያገኝና በሁለተኛው ይሄዳል። የሚያሳዝነው ደግሞ በሁለተኛው መንገድ ሙቀቱም ያንሳል፤ 12 ግራሙ ካርቦን በመጀመሪያው 394 ኪሎጁል ያህል ሲሰጥ፣ በሁለተኛው የሚሰጠው 111 ኪሎጁል ገደማ ብቻ ነው። በር የዘጋ ሰው የሚዘጋው ሊሞቅ ነው፤ ሙቀቱም ይቀንስበታል፣ መርዙም ይጨምርበታል።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ሳንባ ውስጥ ሲገባ ደማችን ውስጥ ኦክስጅን ተሸካሚ የሆነውን ሄሞግሎቢን ይይዛል፤ አያያዙም ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ የጠነከረ ነው። ሰውየው ይተነፍሳል፣ ደረቱ ይወጣል ይወርዳል፤ ደሙ ግን ባዶውን ይመላለሳል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ እንቅልፍ። ብዙ ሰው እንቅልፉን የድካም እንቅልፍ ያደርገዋል።

ያቺ የማታ ተማሪ በሰርቪስ ክፍሏ የገባችው ብቻዋን አልነበረም። ከታላቅ እህቷ ጋር ነበረች። እህቷ የቀን ሥራ እየሠራች ነበር እሷን የምታስተምራት። በአንድ የሐምሌ ሌሊት መብራት ጠፋ፤ ዝናቡም አላባራ አለ። ሁለቱ በከሰል ራታቸውን አብስለው፣ ጭሱ አልቆ ፍሙ ቀልቶ ሲያዩ ምድጃውን ወደ ውስጥ አስገቡት። ክፍሏ መስኮት የላትም። ከበሩ ሥር ነፋስ ስለሚገባ ነጠላ ወተፉበት። ታናሽቱ በበሩ በኩል፣ ታላቅቱ በምድጃው በኩል ተኙ። ጧት የግቢያችን እማማ በሩን ቢያንኳኩ የሚከፍት ጠፋ። በሩ ተገፍቶ ሲከፈት ታላቅቱ ቀዝቅዛለች። ታናሽቱ ትንፋሽ ነበራት፤ ሐኪም ቤት ወስደናት ኦክስጅን ተሰጥቷት ተረፈች።

ወራት አለፉ። አንድ እሑድ የደረስንበት ትምህርት የሚመለስ አጸግብሮት፣ እናንተ ሪቨርሲብል ሪአክሽን የምትሉት፣ ሆነ። ሁለት ቀስት ያለው ቀመር ማለት ነው፤ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ። ቫንት ሆፍ የተባለው የኔዘርላንድ ተወላጅ እ.ኤ.አ. በ1884 ነው ይህን ባለሁለት ቀስት ምልክት ያስተዋወቀው። ሄሞግሎቢንና ካርቦን ሞኖክሳይድም የሚገናኙት በሁለት ቀስት ነው። ንጹሕ ኦክስጅን ሲበዛ ሥራው ወደ ኋላ ይመለሳል፤ መርዙ ደሙን ይለቃል። በተራ አየር ግማሹ እስኪለቅ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ያህል ሲፈጅ፣ በንጹሕ ኦክስጅን ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ዝቅ ይላል። ሐኪሞቹ ለእሷ ያደረጉት ይህን ነበር፤ ሁለተኛውን ቀስት ገፉላት።

ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «የእኔ ቀስት ከተመለሰ የእቴቴ ለምን አልተመለሰም?» አለች።

የደሙ ቀስት የእህቷም ባለሁለት ነበር። ኦክስጅን ያጣ አንጎል ግን ባለአንድ ቀስት ነው። እዚያ ላይ ከደረሰ በኋላ የሚመለስ የለም። ይህን ነገርኳት፤ በሚቻለኝ ለስላሳ ቃል።

አላለቀሰችም። ደብተሩን እያየች፣ «ምድጃውን ያስገባሁት እኔ ነኝ» አለች። «ከሰልና አየር አንድ ክፍል ያስገባሁት እኔ ነኝ። ግራው እኔ ነኝ፣ ቀኙ እሷ።»

ልጅቷ ራሷን በሒሳብ እኩልዮሽ ልትፈርድ ነበር። ግራውን አስቀመጥኩ፤ ስለዚህ ቀኙ እኔ ነኝ። በ«ነው» ሕግ ከሄድን ፍርዱ ትክክል ነው፤ በግራ የተጻፈው ሙሉ ነውና፣ ቀኙ ከእሱ ሌላ ምንጭ የለውም። የኬሚስትሪ ቀመር ግራ ወገን ግን መቼም ሙሉ አይደለም። ጠላ ጠማቂዋ እርሾውን ታውቀዋለች፤ በግሉኮሱ ቀመር ውስጥ ግን እርሾ ተጽፎ አይገኝም። የፈጀው ቀንም አልተጻፈም። ለዚህ ነው ከቀስቱ በላይ ባዶ ቦታ የሚተወው። ሙቀት፣ ግፊት፣ ካታሊስት የሚጻፈው እዚያ ነው። አንድን አጸግብሮት በዚህ ወይም በዚያ መንገድ የሚያስኬደው ብዙ ጊዜ ያ በትንሹ የተጻፈው ነገር ነው።

እርሳሷን ወስጄ ከሁለተኛው የከሰል ቀመር ቀስት በላይ ጻፍኩ፦ የጠፋ መብራት። የሐምሌ ብርድ። መስኮት ሳይኖራት የምትከራይ ክፍል። «ጭሱ ካለቀ አደጋው አለቀ» የሚል ሁላችንም ያደግንበት አባባል። እርሳሱን መልሼ ሰጠኋት። ጥቂት አሰበችና ከሥሩ አንድ መስመር ራሷ ጨመረችበት፦ «ሁለተኛውን ቀመር ማንም አላስተማረንም።»

ይህን የጻፍኩት ለማጽናናት ብቻ አይደለም። ኬሚስትሪው ራሱ የሚለው ይህንኑ ነው። ያው ምድጃ፣ ያው ከሰል፣ ያቺው እጅ፤ መስኮት ባለው ክፍል ቢሆን ኖሮ ቀስቱ ወደ መጀመሪያው ቀመር ሊያደላ፣ የተፈጠረውም መርዝ ወደ ውጭ ሊወጣ ይችል ነበር። እጇ ከግራ ወገን አንዱ ነው እንጂ ግራው ሁሉ አይደለም። ሒሳብ ይህን ሊነግራት አይችልም ነበር፤ ሒሳብ ከቀስት በላይ ቦታ የለውምና።

ጓደኞቼ፣ ለእረፍት ስንበተን አብዛኞቻችን ታናናሾቻችንን እናስጠናለን። ቀመር ስታስጠኑ ማመጣጠኑ ላይ ብቻ አትቁሙ። ቀስቱን «ሆነ» ብለው እንዲያነቡት አድርጉ። ቆጥረው ሲጨርሱም ሦስት ነገር ጠይቋቸው፦ በእርግጥ ይደረጋል ወይ? ይመለሳል ወይ? ከቀስቱ በላይስ ምን አለ? እነዚህ ሦስቱ በሒሳብ ደብተር የሉም፤ ኬሚስትሪን ኬሚስትሪ ያደረጉት ግን እነሱ ናቸው።

ሁለተኛውንም የከሰል ቀመር አስተምሩ፤ ለተማሪ ብቻ ሳይሆን ለእናቶችም፣ ለዘበኞችም፣ በአንድ ክፍል ለሚያድሩ የቀን ሠራተኞችም። የቀላ ፍም ጭስ የለውም ማለት መርዝ የለውም ማለት አይደለም። በፍሙ ላይ አንዳንዴ የምናያት ሰማያዊ ነበልባል ራሷ ካርቦን ሞኖክሳይድ ስትነድ ነው፤ አየር ስላገኘች ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሆነች ነው። አየር ስታጣ ሳትነድ ወደ ክፍሉ ትወጣለች። ከሰል ያለበት ክፍል ውስጥ የሁለት ሰው ራስ አብሮ ከታመመ ብርድ ነው አትበሉ፤ በሩን ከፍታችሁ ወደ ውጭ ውጡ፣ ከዚያም ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ።

ክፍለ ከተማችን ከስሙ ግማሹን የወሰደበት ንፋስ ስልክ የተባለው ሰፈር፣ ስሙን ያገኘው ያለ ሽቦ በአየር መልእክት ከሚያስተላልፍ ጣቢያ ነው ይባላል። የድሮ ሰዎች ቃል በነፋስ ሲሄድ አይተው ተደንቀው ይሆናል ያወጡት። ለእኛ ግን ነፋሱ ራሱ መልእክት ነው። ማታ በበሩ ሥር ሲገባ የሚበርደን ያ ነፋስ፣ 12 ግራሙ ካርቦን የሚፈልገውን ሌላውን 16 ግራም ኦክስጅን ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ነጠላ አትወትፉበት።